የቶኒ አዮሚ ድምፅ በዲስቶርሽን ብዛት አይመጣም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሄቪ ሜታል ጊታር በተጻፈ ቁጥር የእንግሊዙ ባንድ የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ሳይነሳ አይቀርም። የሶሎ ድምፁን ለሚፈልጉ ጀማሪዎች የሚሰጠው ምክር ግን ብዙውን ጊዜ «ወፍራም ክር ግጠሙ፣ ጌይኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን፣ ማለትም ዲስቶርሽን የሚሰጠውን የአምፕሊፋየር ቁልፍ) እስከ መጨረሻ ክፈቱ» የሚል ነው። ሁለቱም ከድምፁ ያርቃሉ። ሰዎች ገንዘባቸውን አለቦታው ከማውጣታቸው በፊት ይህችን ማስታወሻ ብታወጡልኝ።

ነገሩ ከጣቶቹ ይጀምራል። አዮሚ በ17 ዓመቱ በርሚንግሃም ውስጥ በሚሠራበት ፋብሪካ ማሽን የቀኝ እጁን የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ ፍሬት (የጊታሩን አንገት የሚከፋፍሉትን የብረት ዘንጎች) የሚይዘው በዚያው እጁ ነው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፤ ላዩን ደግሞ ቆዳ ለጠፈበት። በቆብ ወፍራም ክር መጫንና መግፋት ስለሚከብድ ቀጭን ክር ፈለገ፤ እንደ ልብ የሚገኝ ባለመሆኑም የባንጆ ክር ገጠመ።

ቅኝቱንም ዝቅ አደረገ፣ ግን ከመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጡት ሁለት አልበሞች በአብዛኛው በመደበኛ ቅኝት ናቸው። አንድ ቶን ተኩል የወረደው ቅኝት የገባው በ1971ዱ ሦስተኛ አልበም ነው፤ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ፣ ኢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ሲ ሻርፕ። ለዚህ ከ9 እስከ 42 (ቁጥሩ የክሩ ውፍረት በሺህኛ ኢንች ነው) ያለው የክር ስብስብ ይበቃል። የላላ ክር አጥብቀው ሲጫኑት ድምፁ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ብዙዎች «ጊታሬ ቅኝት አይዝም» የሚሉት እዚህ ላይ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ በሁልጊዜው የእጅ ክብደት ተጭኖ የተመታው ድምፅ፣ እዚያው ላይ ክሩን ነካ አድርጎ ከሚወጣው ሃርሞኒክ (ደወል መሰል ድምፅ) ቀጥኖ ከተሰማ መፍትሔው የብሪጁን ሳድል (ክሩ የሚያርፍበትን ተንቀሳቃሽ ድጋፍ) ወደ ኋላ መሳብ ነው። ከዚያ በኋላ ጣትን ማለስለስ።

አሁን ወደ ዋናው። አዮሚ በነዚያ ዓመታት ጊታሩን የሚያስገባው ዳላስ ሬንጅማስተር በሚባል ትሬብል ቡስተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ) ውስጥ ነበር፤ ከእሱ ወደ ሌኒ አምፕሊፋየር። ሬንጅማስተር ዲስቶርሽን ፔዳል አይደለም። አንድ የጀርማኒየም ትራንዚስተር ያለው፣ መግቢያው ላይ ያለው ካፓሲተር 5 ናኖፋራድ ገደማ የሆነ ትንሽ ሳጥን ነው። ካፓሲተሩ ትንሽ ስለሆነ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) አያሳልፍም፤ የሚያልፈውን ቀጭን ድምፅ ትራንዚስተሩ አጉልቶ የአምፑን ቫልቮች (ድምፅ አጉሊ የመስታወት ቱቦዎች) ይገፋል። ቤዝ ካልተቀነሰ ቫልቮቹን ቀድሞ የሚያጨናንቀው እሱ ነው፤ ውጤቱም ጭቃ የመሰለ ድምፅ ነው። በአልበሞቹ ላይ የምንሰማው ክብደት የባንዱ ጊዘር በትለር በቤዝ ጊታሩ ያንኑ ሪፍ (ተደጋጋሚ የጊታር ሐረግ) ከስር ስለሚከተል ጭምር ነው። ብቻውን የሚለማመድ ሰው ድምፁ ሲሳሳበት ቤዝ እየጨመረ ያበላሸዋል።

ስለዚህ የአምፑ ድምፅ በራሱ ገና መሻከር ሲጀምር ጌይኑን እዚያ ላይ ያቁሙት። ቤዙን 3፣ ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ) 7፣ ትሬብሉን 5 ላይ አድርገው ይጀምሩ። ቡስተሩ ከጊታሩ ቀጥሎ የመጀመሪያው ይሁን፤ በመሃል በፈር (የጊታሩን ሲግናል የሚያጠናክር ሰርኪዩት) ያለው ፔዳል ከገባ ድምፁ ይሾልና ጆሮ ይወጋል፣ የጊታሩን ቮሊዩም ዝቅ ሲያደርጉም እንደሚገባው ጥርት አይልም። የድሮው ሥሪት ግራውንዱ ፖዘቲቭ ስለሆነ ከሌሎች ፔዳሎች ጋር በአንድ ፓወር ሰፕላይ አይያያዝ፣ ሾርት ያደርጋል። የራሱ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሁንለት። ጀርማኒየም ሙቀት አይወድም፤ የጋለ አምፕ ላይ ማስቀመጥ ድምፁን ይቀይረዋል።

አጨዋወቱን በተመለከተ ፍጥነት ላይ አትድከሙ። ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ድምፅ) ስኬል፣ ሰፊና ፈጠን ያለ ቫይብራቶ (የድምፅ ማንቀጥቀጥ)፣ ከሁሉ በላይ ትሪል (ሁለት ድምፅ በፍጥነት ማፈራረቅ) ነው። ለምሳሌ በኢ ማይነር 12ኛውን ፍሬት በጠቋሚ ጣት ይዞ 15ኛውን በትንሿ ጣት በሃመር ኦን (ጣትን ክሩ ላይ በመምታት) እና በፑል ኦፍ (ጣትን ከክሩ ላይ በመንጠቅ) ማመላለስ፤ ፒኩ (መምቻው) አንዴ ብቻ ይመታል። ሁለቱ ድምፆች እኩል ካልጎሉ ፑል ኦፉ ደካማ ነው፦ ጣቱን ወደ ላይ ከማንሳት ይልቅ ክሩን ወደ ጎን ነጠቅ ያድርጉት።

በቀደሙት አልበሞች ከሶሎዎቹ አንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ ተጫውቶ የተቀዱ ናቸው። ይህን በዲሌይ (ድምፅ በሚደግም) ፔዳል ማስመሰል አይሆንም፤ ሁለቱ ቅጂዎች በቫይብራቶና በቤንድ (ክሩን ገፍቶ ድምፁን በማቅጠን) ጥቂት መለያየታቸው ነው ውፍረቱን የሚሰጠው። ሁለቴ ቀድታችሁ አንዱን ግራ፣ ሌላውን ቀኝ አድርጉት።

ጋዜጣችሁም ወደፊት የጊታር ምክር ሲያወጣ የክሩን ቁጥርና ቅኝቱን አብሮ ቢጽፍ ለተማሪው ትልቅ እርዳታ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ