«እንድትፈታኝ ብዬ ነው»

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የፊልም ዓምድ ላይ ከቤተሰብ ጋር የሚታዩ ፋንታሲ ፊልሞችን ዘርዝራችኋል። ዝርዝሩን ወድጄዋለሁ። አብዛኞቹን ከልጆቼ ጋር አይቻቸዋለሁ። ስለ ድራጎኑ፣ ስለ ውጊያው፣ ስለ ልብሱ ሁሉ ጽፋችኋል። ሰው ተይዞ ስለሚጠየቅባቸው የምርመራ ትዕይንቶች ግን አንድም ቃል የለም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

«ዎንደር ውመን»ን ያየን ዕለት ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። የ2017ቱን ማለቴ ነው፤ ጀግናዋ የታሰረበትን ሰው እውነት የሚያናግር ገመድ አላት። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ የታናሽ ወንድሟን እጅ በሻርፕ አስራ አገኘኋት። «ይሄ የእውነት ገመድ ነው። ብርጭቆውን ማን ሰበረው?» ትለዋለች። እሱ አምስት ዓመቱ ነው። ሁለት ጊዜ «እኔ አይደለሁም» አለ። በሦስተኛው «እኔ ነኝ» ብሎ አለቀሰ። እሷ «አመነ! አመነ!» እያለች ወደ እኔ ሮጠች።

ብርጭቆውን ጠዋት የሰበርኩት እኔ ነበርኩ።

ትንሹን አቅፌ ለምን እንዲያ እንዳለ ጠየቅኩት። «እንድትፈታኝ ብዬ ነው» አለኝ።

የወንጀል ጉዳይ ጠበቃ ነኝ። ይህን መልስ ከትልልቅ ሰዎችም ሰምቼዋለሁ። አንድ ወጣት ደንበኛዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠየቅ አድሮ ንጋት ላይ ቤት ሰብሬ ገባሁ ብሎ ፈረመ። ገባበት የተባለው ቤት በሩ በየት በኩል እንደሆነ እንኳን አያውቅም። ለምን እንደፈረመ ስጠይቀው «እንቅልፍ» አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ እስክናገኝ ወራት አለፉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ግን ቃሉ ተብሎ ከመዝገቡ ጋር ሲዞር ከረመ።

የዚያ ገመድ ታሪክ ራሱ ይገርማል። ዎንደር ውመንን የፈጠረው ዊልያም ሞልተን ማርስተን የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ጀግናዋ በ1941 በኮሚክ መጽሔት ከመውጣቷ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ የደም ግፊት እየለካ ውሸታሙን ከእውነተኛው ለመለየት ይሞክር ነበር። ፍራይ የተባለ በግድያ የተከሰሰ ሰው በማርስተን ተመርምሮ ውጤቱን ለመከላከያ ሊያቀርበው ፈለገ። በ1923 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አልቀበልም አለ፤ ዘዴው በሙያው ሰዎች ዘንድ ገና ተቀባይነት አላገኘም ብሎ። ልጄ በሻርፕ የሞከረችው ነገር ከመቶ ዓመት በፊት ፍርድ ቤት ቀርቦ የተመለሰ ነው። ይህንን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ።

ፋንታሲ ፊልም ይቅር እያልኩ አይደለም። በጣም እወደዋለሁ። እንዲያውም ስለ ምርመራ ከየትኛውም የፖሊስ ፊልም የበለጠ ያስተማሩኝ ፋንታሲዎች ናቸው። አምስተኛውን የሃሪ ፖተር ፊልም አስታውሱ። መምህርቷ አምብሪጅ ተማሪዋን ቾን እውነት የሚያስለፈልፍ መድኃኒት አጠጥታ የጓደኞቿን ምስጢር አወጣች። ጓደኞቿ አሳልፋ ሰጠችን ብለው ፊት ነሷት። መድኃኒት እንደጠጣች የሚያውቁት በኋላ ነው። ያቺ ልጅ ብቻዋን የቆመችበት ትዕይንት አንጀቴን በላው። ተገዶ የተናገረ ሰው ሁለት ጊዜ እንደሚጎዳ እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ፊልም ጥቂት ነው።

«ፓንስ ላቢሪንዝ» ደግሞ አለ፤ የጊሌርሞ ዴል ቶሮ የ2006 ፊልም። ይሄ ለልጆች አይደለም፤ ለወላጆች ነው። ታሪኩ በ1944 ስፔን ውስጥ ነው። በአንድ ጨካኝ ሻምበል እጅ የወደቀ ተንተባታቢ ምርኮኛ አለ። ሻምበሉ የማሰቃያ ዕቃዎቹን ደርድሮ፣ ሳትንተባተብ እስከ ሦስት ከቆጠርክ ትሄዳለህ ይለዋል። ሰውዬው አንድ ይላል። ሁለት ይላል። ሦስት ላይ ያቅተዋል። እኔ እዚያ ላይ ፊልሙን አቁሜ ተነሳሁ። በሩን ከፍቼ አየር ወሰድኩ። ጥያቄው መልስ ፍለጋ አልነበረም። ቀድሞ የተወሰነን ነገር ሰውዬው ራሱ እንዲፈርምበት ነበር። በፋይል ላይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በምስል ያየሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላው ዓይነት ነው። ጀግናው ራሱ አንዱን አንገቱን ያንቀዋል፤ ሰውዬው በአሥር ሰከንድ ትክክለኛውን ዋሻ ይጠቁማል። ሁልጊዜ ትክክለኛውን! ማንም አይሳሳትም፣ የተያዘውም ሁልጊዜ የሚያውቅ ሰው ነው። ልጆች ይህንን ሃያ ጊዜ ሲያዩ ሕመም ቁልፍ ይመስላቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት የ1984 ፀረ ማሰቃየት ስምምነት አንቀጽ 15፣ በማሰቃየት የተገኘ ቃል በማስረጃነት እንዳይቀርብ ይከለክላል። እንዲህ ያለ ቃል በጭካኔ የተገኘ ብቻ ሳይሆን የማይታመንም ነው።

በተቃራኒው የቆመ አንድ እውነተኛ ሰው አለ። ሃንስ ሻርፍ ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን አየር ኃይል የተማረኩ ፓይለቶችን ይመረምር ነበር። ለክፉ ሥርዓት ነው የሠራው፤ ይህንን አልሸፍንም። ነገር ግን እጁን አያነሳም ነበር። እስረኞቹን በጫካ መንገድ ወክ ያደርጋቸዋል፣ ያጫውታቸዋል፣ ሁሉን እንደሚያውቅ ሆኖ ይቀርባል። እነሱም ሳያስቡት ይነግሩታል። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ገብቶ የሞዛይክ ባለሙያ ሆነ። ፍሎሪዳ በሚገኘው የዲዝኒ ወርልድ የሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያሉት የሞዛይክ ሥዕሎች የእጁ ሥራ ናቸው።

ለአዘጋጆቹ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ፊልም ስትጠቁሙ ምርመራ ካለበት አንድ መስመር ጨምሩ፤ ማን ማንን እንደሚያስገድድ፣ የወጣውስ ቃል እውነት ይሁን አይሁን። እኛ ወላጆች ከልጆቻችን ጋር ወሬ የምንጀምርበት እናገኛለን። ደግሞም ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ መርማሪ ያለበት ፋንታሲ የምታውቁ ከሆነ ስሙን አውጡልን። ልጆቼን ይዤ አየዋለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
የሁለት ልጆች እናት