የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ክሩን እስከ ጥጡ መከተል

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ ሃያ ስድስት አባላት ነበሩት። ዘወትር ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ እንሰበሰብ ነበር። የሙዚየም ጉብኝት አድርገናል፣ በጥያቄና መልስ ውድድርም ተሳትፈናል። ዓመቱን በሙሉ የያዘን ግን ኅዳር ላይ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ያነሳችው ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ የአሜሪካ ሰሜን ፋብሪካ ሲከፍት ደቡቡ ባሪያ ይገዛ ነበር ብለን ተምረናል። ታዲያ ፋብሪካው ጥጡን ከየት ያመጣ ነበር?»

መልሱን እዚያው መናገር እችል ነበር። ነገር ግን ከጥጡ ከራሱ ብንጀምር ይሻላል ብዬ አንድ አባላችን ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ ከአያቱ ቤት እንዲያመጣ ጠየቅሁት። በሚቀጥለው ሐሙስ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን በጣታችን እንፈለቅቅ ጀመር። ከአርባ ደቂቃ በኋላ የሃያ ስድስት ልጆች ድካም ከሁለት እፍኝ አላለፈም፤ ፍሬው ጭረቱን አልለቅም ይላል። ለካ አያቱ መዳመጫቸውን፣ ድንጋዩንና ብረቱን፣ አብረው ልከውልናል። ብረቱን በድንጋዩ ላይ ስናንከባልለው ፍሬው ጠብ ጠብ እያለ ወጣ፤ ልጆቹም አጨበጨቡ።

ከዚያ በኋላ ኢላይ ዊትኒ በ1793 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለሠራው የጥጥ መዳመጫ መኪና ስናነብ ብዙ ማብራራት አላስፈለገኝም። በደቡቡ የሚበቅለውን አጭር ጭረት ያለውን ጥጥ አንድ ሰው በእጁ ሲፈለቅቅ ቢውል አንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ያህል ቢያጸዳ ነው፤ በመኪናው ግን 50 ፓውንድ ያህል ይደርሳል። ልጆቹ «ሥራው ቀለለ፣ ስለዚህ ባሪያ ማስፈለጉ ቀረ» ብለው ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የቀለለው መፈልቀቁ ብቻ ነው፤ መኮትኮቱና መልቀሙ በእጅ እንደሆነ ቀረ። ጥጥ ትርፍ ሲያስገኝ ባለእርሻዎቹ መሬት ጨመሩ፣ ሰውም ጨመሩ። በ1790 በአገሪቱ 700 ሺህ የሚጠጉ ባሪያዎች ነበሩ፤ በ1860 ቁጥራቸው 4 ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ከ1808 ጀምሮ ከውጭ ማስገባት በሕግ ስለተከለከለ፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ከቨርጂኒያ፣ ከሜሪላንድና ከአካባቢው ተነድቶ ወይም ተሽጦ ወደ አላባማ፣ ሚሲሲፒና ሉዊዚያና ሄደ። ይህን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንዱ ልጅ «እናቶቻቸውስ?» አለኝ። ብዙዎቹ ዳግም አልተያዩም።

ወደ ሰሜኑ ስንመጣ ክርክሩ ጦፈ። በሮድ አይላንድ፣ ፖታኬት በምትባል ከተማ ሳሙኤል ስሌተር የተባለ እንግሊዛዊ በ1790 በውሃ ኃይል የሚሠራ መፈተያ አቋቋመ፤ የመጀመሪያ ሠራተኞቹ ሕፃናት ነበሩ። ገንዘቡን ካወጡለት አንዱ ሞዘስ ብራውን ደግሞ ባርነትን አጥብቆ የሚታገል ሰው ነው። መኪናው የሚፈትለው ግን ባሪያዎች የለቀሙትን ጥጥ ነበር። ይህ ሰው ተጠያቂ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ሁለት ሐሙስ ተከራክረን አልተስማማንም። እኔ ተጠያቂ ነው ከሚሉት ጋር ነኝ። በማሳቹሴትስ፣ በሎዌል ከተማ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ የሚሠሩት የገበሬ ልጆች፣ በ1834 እና በ1836 የሥራ ማቆም አድማ ያደረጉት ሴቶችም፣ የሚሸምኑት ያንኑ ጥጥ ነው። ከሎዌልና ከሮድ አይላንድ ፋብሪካዎች የሚወጣው ሻካራ ጨርቅ ደግሞ ተመልሶ ደቡብ ይሸጥ ነበር፤ የባሪያ ልብስ ይሆናል። ሰውየው የለቀመው ጥጥ ሰሜን ተፈትሎና ተሸምኖ መልሶ እሱኑ ያለብሰዋል። ጠያቂዋ ልጅ ይህን በደብተሯ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

አንድ የተሳሳትኩትን መጻፍ አለብኝ። ለወላጆች ቀን በተዘጋጀው ድራማ የጅራፍ ትዕይንት እንዲኖር ፈቅጄ ነበር። ልምምድ ላይ ከተመልካቾቹ አንዳንዶቹ ሳቁ፤ የባሪያውን ቦታ የያዘው ልጅ ፊቱ ተለወጠ። በዚያው ዕለት ትዕይንቱን አስቀረሁት። በምትኩ ሰሎሞን ኖርዘፕ የተናገረውን የምሽት ሚዛን ለወላጆች ተረኩ። ኖርዘፕ በኒው ዮርክ ነፃ ሰው ሆኖ ተወልዶ በ1841 ታፍኖ የተሸጠ፣ ሉዊዚያና ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት በባርነት የቆየ ሰው ነው። ማታ ማታ እያንዳንዱ ለቃሚ ቅርጫቱን ተሸክሞ ወደ መዳመጫው ቤት ይሄዳል። ከተወሰነለት ካነሰ ይገረፋል፤ ከበለጠ ደግሞ ለነገ የሚጠበቅበት በዚያው ልክ ይጨመርበታል። ይህ ሲተረክ አዳራሹ ጸጥ አለ። የጥጡ ሰፌድ መድረኩ ላይ ነበር።

የሚቀጥለው ዓመት ሥራችንም ከዚሁ ክር የተመዘዘ ነው። ከ1861 እስከ 1865 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡቡን ጥጥ ሲዘጋ የግብፅ ጥጥ ዋጋው ናረ፤ የግብፅ ገዥ ከዲቭ እስማኤልም ጦሩን ሲያደራጅ አሜሪካውያን መኮንኖችን ቀጠረ። ከእነሱ አንዱ ዊልያም ሎሪንግ ለባርነት በቆመው የደቡብ ጦር ጄኔራል ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የግብፅን ጦር ጉራዕ ላይ ድል ሲያደርጉ ሎሪንግ በግብፅ ወገን ተሰልፎ ነበር። ይህን ፈልጋ ያገኘችው ያችው ጠያቂ ልጅ ናት። መስከረም ላይ የመጀመሪያው ሐሙስ የእሷ ነው።