እናቴስ ከ«ማንኛውም አረጋዊ» አትቆጠርም?

ለአዘጋጁ፦

በስልክ መተግበሪያ ስለሚሰጠው የማስታወስ ፈተና ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። አልዛይመርን ገና ከጅምሩ ለመለየት «ማንኛውም አረጋዊ ከሳሎኑ ሳይነሣ» ሊፈተን ይችላል ብላችኋል። ማንኛውም? እናቴንም ጨምሮ?

እናቴ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ከሳሎኗ ሳትነሣ በስልክ ጥሪ ተፈትናለች፤ ጠያቂዋ በአንድ መስመር፣ አስተርጓሚው በሌላ መስመር ሆነው። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አሏት። «ሚካኤል ነዋ!» አለች፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ። ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ ለዝክሩ የደፋችው ዳቦ ገና ትኩስ ነው። ሚካኤል የሚባል ልጅ አለዎት ወይ ተባለች። ዓመቱን ሲጠይቋት 2017 አለች። በጠያቂዋ አቆጣጠር ዕለቱ ኖቬምበር 21 ቀን 2024 ስለሆነ ቀኑም ዓመቱም ስሕተት ተባለ። ሐሙስ መሆኑን በማወቋ ግን ነጥብ ተሰጥቷታል፤ ተመስገን ነው። ከልደታ እስከ በዓለ ወልድ የወሩን በዓላት አንድ ሳታዛንፍ የምትቆጥር ሴት፣ «ጊዜን የመለየት ችግር» የሚል ደብዳቤ በፖስታ ደረሳት። ይኸው እስከ ዛሬ ከፋይሏ ለማስወጣት እሟገታለሁ።

ፈተናው ከንቱ ነው አልልም። ሌካነማብ የተባለው የአልዛይመር መድኃኒት እዚህ አገር በፈረንጆቹ 2023 ሙሉ ፈቃድ ያገኘው በሽታው ገና ጅምር ላይ ላለ ሰው ነው፤ ዘግይቶ ለደረሰ አይታዘዝም። ስለዚህ ቶሎ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው። የጀርመኗ ማግደቡርግ ተመራማሪዎች ያሉበት ይህ የዘገባችሁ መተግበሪያም የዕቃና የክፍል ሥዕል አሳይቶ ምን የት እንደነበር ይጠይቃል እንጂ በሥዕሎቹ ፈተና ዓመተ ምሕረት አይጠይቅም። መልካም። ነገር ግን በፈረንጆቹ 2024 የታተመው የመተግበሪያው ጥናት የተሠራው በጀርመንና በአሜሪካ በረጅም ጊዜ የምርምር ክትትል ውስጥ በነበሩ 199 ሰዎች ላይ ነው። እናቴ ስልኳን የምታውቀው የልጆቿን ጥሪ ለማንሣት ብቻ ነው። ሥዕሉን ብትስት የረሳችው ክፍሉን ይሁን ወይስ የምትነካው ቦታ ጠፍቶባት፣ አጠገቧ ሐኪም በሌለበት ማን ይለየዋል? ሞካ በሚባለው የታወቀ የማስታወስና የማሰብ ፈተና ትምህርቱ ከ12ኛ ክፍል ላላለፈ ሰው አንድ ነጥብ ይጨመርለታል። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለሆነው ለእናቴ፣ አንዲት ነጥብ! እግዚአብሔር ይስጥልን።

ዘጋቢያችሁ ባለሙያዎቹን ስለ ፍጥነቱና ስለ ወጪው ጠይቋል። በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ ተናጋሪዎች ላይ ተሞክሮ እንደሆነ ግን አልጠየቀም። ይህን የእኛው ጋዜጣ ካልጠየቀልን ከማን እንጠብቅ? ይጠየቅና መልሱ ይታተም።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ