ዝሆኔ እርግማን አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ነኝ። የአክስቴ እግር በዝሆኔ አብጧል። ጎረቤት «ይተላለፋል» ብሎ ማኅበር ላይ አጠገቧ አይቀመጥም፤ ይህ ያንገበግበኛል። የእኛ አካባቢ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሄድ ይመጣል። በዘር ተጋላጭ የሆኑም አሉ።

ሕክምናው እዚሁ ዞናችን፣ በ696 ታማሚዎች ላይ ተጠንቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እግርን መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ፤ በቃ ይኸው ነው! ወዲያው የጀመሩት ሰዎች አልጋ ላይ የሚጥለው ድንገተኛ የእግር ሕመም በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ተነሳባቸው፤ ባልጀመሩት 23.9 ጊዜ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ለአክስቴ ግን አራት ጊዜ ከአልጋ መትረፍ ነው።

እባካችሁ ጻፉበት። በየጤና ኬላው ሳሙና፣ ፋሻና ላበጠ እግር የሚሆን ሰፊ ጫማ ይኑር።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ