ለሊስሞር ከተማ ነዋሪዎችና ለወገኖቻችን በሙሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

የካቲት 21 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2022፣ አውስትራሊያ ውስጥ በምትገኘው የሊስሞር ከተማ በደረሰው ጎርፍ ቤታችን ተውጦ፣ በፈጣሪ ቸርነትና በማናውቃቸው ሰዎች ደግነት ሕይወታችን የተረፈ አምስት የአንድ ቤተሰብ አባላት ነን። በዚያ ሳምንት ከብሪዝበን፣ ከሜልበርን፣ ከአዲስ አበባና ከሌሎችም ቦታዎች ደውላችሁ ያጽናናችሁን፣ ገንዘብ አዋጥታችሁ የላካችሁልንና በጸሎት ያሰባችሁን ወገኖቻችን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልን። ምስጋናችን እስከ ዛሬ መዘግየቱን በይቅርታ እንድታልፉልን እንለምናለን። ብዙዎቻችሁ የከተማዋን ስም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማችሁ ነግራችሁን፣ «ለመሆኑ ምን ዓይነት አገር ነው የገባችሁት?» ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበርና፣ ከእናንተ ቀጥሎ ምስጋና የሚገባው ማን እንደሆነ ለማስረዳት ስለ ከተማዋም ጥቂት እንጽፋለን።

ሊስሞር በኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ሀገር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከብሪዝበን ወደ ደቡብ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሌስተር ጅረት ከዊልሰንስ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ቆላ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ምድሪቱ ከጥንት የቡንጃለንግ ሕዝብ፣ በተለይም የዊጃቡል ዊያባል ወገኖች ርስት ናት። ዙሪያዋን የከብት ግጦሽና ማከዳሚያ የሚባል የለውዝ ዓይነት እርሻ ሲሆን፣ ባለቤቴ በአንዱ እርሻ፣ እኔ ደግሞ ኮረብታው ላይ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥረን ስንሠራ ኖረናል። ከተማዋ ጎርፍን የምታውቀው ዛሬ አይደለም። በደቡብና በሰሜን ሊስሞር ያሉት የእንጨት ቤቶች በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የቆሙት በዚሁ ምክንያት ነው፤ አዲስ ሰው ቤት ሲገዛም ጎረቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነግረው የ1954ቱና የ1974ቱ ውኃ (ከዚህ ጀምሮ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የት ድረስ እንደደረሰ ነው። የእኛም ቤት ወለል ከሁለቱም በላይ ነበር። በዚህ ተማምነን ገዛነው፤ የጎርፍ መድን ክፍያው ግን ከአቅማችን በላይ ስለነበር ሳንገባ ቀረን።

የጎርፉ ዋዜማ እሑድ የዐቢይ ጾም ቅበላ ነበርና፣ ከ2019 ጀምሮ ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ ዶሮ ሠርተው፣ ልጆቹን አብልተው ተኝተናል። ዝናቡ ሌት ተቀን ሳያባራ መክረሙን እያየን፣ በቀን የሰማነው ትንበያ ግን ከቤታችን ወለል ብዙ ዝቅ ያለ ስለነበር፣ መኪናውን ወደ ኮረብታው ከማውጣት በቀር ሌላ ጥንቃቄ አላደረግንም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንነቃ የውኃው ድምፅ ከወለሉ ሥር ይሰማ ነበር። ሊነጋጋ ሲል የከተማዋን መሃል የሚጠብቀውን፣ ወንዙ በመለኪያው ከ10 ሜትር በላይ እስኪደርስ የሚገታውን መከላከያ ግንብ ውኃው ተሻገረው፤ በዚያኑ ቀን ከቀትር በኋላ ወንዙ 14 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። በጽሑፍ ከተመዘገበው ከፍተኛ ልክ፣ ከ1954ቱ፣ በሁለት ሜትር ያህል በለጠ ማለት ነው። በከተማዋ አራት ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል፤ ስለ እነርሱ ሳናስብ ስለ ራሳችን መትረፍ መጻፍ አይሆንልንም።

እኛ በዚያ ጠዋት ልጆቹን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አቁመን፣ አማቴን ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጠን፣ የምንደውልባቸው ስልኮች ሁሉ ተይዘው ወገባችን ድረስ በውኃ ውስጥ ቆመን ነበር። አማቴ ዕለቱ የማርያም መሆኑን ደጋግመው ከማንሣት በቀር አንድም የፍርሃት ቃል አልተናገሩም። የመንግሥት ጀልባዎች ለሁሉም ሊዳረሱ እንዳልቻሉ የገባን በኋላ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ በመስኮት የተጣራው ሰው የማንም ሠራተኛ አልነበረም፤ እዚህ አገር «ቲኒ» የሚሏትን፣ ዓሣ የሚያጠምድባትን ትንሽ የአሉሚኒየም ጀልባ በራሱ ነዳጅ ይዞ፣ ማንም ሳያዘው ከቤቱ የወጣ ሰው ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ ተጠጋን፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው ከራሳችን በላይ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም ነበርና። አማቴን እንደ ሕፃን ታቅፎ በመስኮት አወጣቸውና የለበሰውን ቢጫ የዝናብ ካፖርት አውልቆ ደረበላቸው። ከፍ ካለው አስፋልት ላይ አድርሶን፣ ስሙን ሳንጠይቀው፣ ጎረቤቶቻችንን ሊያመጣ ተመለሰ። ያን ቀን እንደ እርሱ ያሉ ብዙ ባለ ጀልባዎች ከኮርኒስ ውስጥና ከጣሪያ ላይ ስንቱን ሰው እንዳወረዱ ከተማው ሁሉ ይመሰክራል።

ለሳውዘርን ክሮስ ዩኒቨርሲቲ የምናቀርበው ምስጋና ከፍ ያለ ነው። ኮረብታው ላይ ያለውን ግቢውን ለተፈናቃዮች ክፍት አድርጎ ብርድ ልብስና ማደሪያ ሰጥቶናል፤ በኋላም ጎርፍ ያፈረሰባቸውን ትምህርት ቤቶች ተቀብሎ አስጠግቷል።

ስለ «ኩሪ ሜይል» ግን ጥቂት መዘርዘር አለብን። «ኩሪ ሜይል» በ1991 የተመሠረተ፣ በአምስት የአቦሪጂን (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ማኅበራት ባለቤትነት የሚታተም ጋዜጣ ነው። የራሱ ቢሮ በውኃ ተውጦ ሳለ፣ በዋና ሥራ አስኪያጇ በናኦሚ ሞራን መሪነት ሕንፃውንና መንገዱን የእርዳታ ማዕከል አደረጉት፤ በድንኳን ውስጥ ምግብ፣ ልብስ፣ የጽዳት ዕቃ፣ ሐኪምና አማካሪ በአንድ ቦታ ተገኘ። እኛ ወረፋ ይዘን ቆመን መታወቂያችንን ስናወጣ፣ አንዲት እናት እጄን መልሰው ወደ ኪሴ ከተቱትና «መጀመሪያ ብሉ» አሉን። ርስታቸውን ተነጥቀው የኖሩ ሰዎች፣ ትናንት ለመጣ እንግዳ ቀድመው ማዕድ ሲያቀርቡ አይቼ ዕንባዬን መያዝ አቃተኝ።

በጾሙ ምክንያት የገጠመንንም ሳልናገር ባልፍ አማቴ ይቀየሙኛል። በየማዕከሉ የሚታደለው ቋሊማና ዳቦ ነበር፤ እሳቸው ግን በችግርም ቢሆን ጾሙን አልሽርም ብለው ሁለት ቀን በሙዝ አሳለፉ። በኋላ ከሜልበርን ድረስ ነድተው የመጡ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ የሆኑ በጎ ፈቃደኞች ምግብ ማብሰል ጀመሩ። አማቴ ምስሩን ሲቀምሱ ቀና ብለው «ይሄ የእኛ ነው!» አሉ። ቅቤ እንደሌለበት በልጄ አስተርጓሚነት ካረጋገጡ በኋላ ባለ ጥምጣሙን ወጣት ራሱን ዳብሰው መረቁት፤ ከዚያ በኋላ ልጁ እሳቸውን ባየ ቁጥር ለምርቃት ጎንበስ ይል ነበር።

ውኃው ሲሸሽ የቀረው ጭቃ ከጎርፉ የባሰ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ቤታችን ገብተው ፍሪጁን፣ ፍራሹን፣ የእንጀራ ምጣዱን ሳይቀር እየተሸከሙ መንገድ ዳር የከመሩልን፣ ግድግዳውን በውኃ እየረጩ ያጠቡልን ሰዎች፣ አብዛኞቹ ራሳቸው ቤት የሌላቸው ነበሩ። አንዲት ተማሪ ተንሳፍፎ የጎረቤት አጥር ላይ የተሰካውን የበርበሬ ባልዲያችንን አግኝታ፣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ክዳኑን ከፍታ አሽትታው ኖሮ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ስታስነጥስ ሠፈሩ ሁሉ ሥራ አቁሞ ሳቀ። በዚያ ወር የሳቅነው ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጨርሰን አጽድተን እፎይ ስንል፣ በመጋቢት 21 ወንዙ 11 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ሞልቶ ዳግመኛ ግንቡን ተሻገረ። እነዚያው ሰዎች በማግስቱ መጥረጊያቸውን ይዘው ተመልሰው መጡ።

ከተማዋ በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ የዚህ አገር ክረምት በሚገባበት ወቅት፣ የፋኖስ ሰልፍ ታደርጋለች፤ ልማዱ በ1994 የተጀመረ ሲሆን፣ ከሸምበቆና ከስስ ወረቀት የተሠሩ የእንስሳትና የአእዋፍ ምስሎች በውስጣቸው መብራት ይዘው በምሽት ያልፋሉ። ልጆቻችን ያደጉበትን ይህን በዓል ለአበሻ ሰው ስናስረዳ ደመራን እንጠቅሳለን፤ ምንም እንኳ የሃይማኖት በዓል ባይሆን።

መንግሥት ለጎርፍ የተጋለጡትን ቤቶች እየገዛ ባለቤቶቹን ወደ ከፍታ ቦታ ለማዛወር ባወጣው ዕቅድ መሠረት ቤታችንን አስረክበን፣ አሁን ኮረብታው ላይ በሚገኘው በጉነላባ ሠፈር እንኖራለን። የደቡብ ሊስሞር ጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ሄደዋል፤ ግማሾቹ ደግሞ ወንዙን አንለቅም ብለው እዚያው ናቸው፤ በሁለቱም አንፈርድም። በየዓመቱ የካቲት 21 ቀን፣ ጾም ከሆነ በምስር፣ ካልሆነም በዶሮ፣ በራችን ለሁሉም ክፍት ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንለምናለን። ይህን መልእክት የምታነቡና ሊስሞር ውስጥ ሰው የምታውቁ ሁሉ በእንግሊዝኛ ተርጉማችሁ ንገሩልን፦ በዚያ ሰኞ ጠዋት ከአንዲት ኢትዮጵያዊት አሮጊት ትከሻ ላይ የቀረው ቢጫ የዝናብ ካፖርት አልጠፋም። አማቴ አጥበው፣ የተቀደደውን እጅጌ በእጃቸው ሰፍተው፣ ከበሩ ጀርባ ሰቅለውታል። ባለቤቱ በፈለገው ሰዓት መጥቶ ይውሰደው።

አክባሪያችሁ፣
ከአምስቱ አንዷ፣ ስለ ቤተሰቡ ሁሉ
ጉነላባ፣ ሊስሞር