ማኅተሙን ይዩልኝ፦ ለዩኒቨርሲቲያችን ሬጅስትራር ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ሰላምታዬን አስቀድሜ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በር ማንኳኳት ስለሰለቸኝ ነው። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ሁለት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተብዬ ተመልሻለሁ። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አግኝቼዎት "በመስመሩ ነይ" አሉኝ። በመስመሩ ሄድኩ። መስመሩ መልሶ የወሰደኝ ማመልከቻዬን ውድቅ ወዳደረገው ጠረጴዛ ነው።

ነገሩ ረጅም አይደለም። የሁለተኛ ዓመት የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። በመጀመሪያው ሴሚስተር መግቢያ ላይ ወደ ሳይኮሎጂ ለመዛወር አመለከትኩ። የማመልከቻው ጊዜ የሚያበቃው ማክሰኞ 19 ቀን ነበር። እኔ ያስገባሁት ሐሙስ 14 ቀን ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ደረሰኝ። "ማመልከቻዎ ከጊዜ ገደቡ በኋላ የቀረበ በመሆኑ ተቀባይነት አላገኘም" ይላል።

ያቺን ሐሙስ ልንገርዎት። ጠዋት የምለቀው ትምህርት ክፍል ኃላፊ ፈረሙልኝ። ከሰዓት የሚቀበለኝን የሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ፍለጋ ሄድኩ። እያስተማሩ ነበር። በር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቆምኩ። ሲወጡ ቅጹን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ፈረሙልኝ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ወጋውና ፊርማቸው መሃል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቀረች። ከሥር በእጃቸው "ኢንጂነሪንግ ውስጥ የወሰደችው ስታትስቲክስ ይያዝላታል" ብለው ጻፉ። ከዚያ መስኮት ቁጥር 2 እስኪዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው እየሮጥኩ ደረስኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቅጹን አገላበጠችው። ገቢ መዝገቡ ላይ አሰፈረችው። ቁጥር ሰጠችኝ። ዋናውን አስቀርታ ግልባጩ ላይ ማኅተም መታችልኝ። ቀለሙ ደርቆ ስለነበር ሁለቴ ነው የመታችው። ሁለቱም ላይ ቀኑ ይነበባል። 14።

ግልባጩ አሁንም እጄ ላይ አለ።

የእምቢታው ደብዳቤ እንደደረሰኝ ይህንኑ ግልባጭ ይዤ መጣሁ። ጉዳዩን የያዙት ባለሙያ ወረቀቱን እንኳን አልተቀበሉኝም። "እኔ በደንብ አስታውስሻለሁ" አሉኝ። "ሐሙስ ነው የመጣሽው፤ ልክ ነሽ። ግን ማመልከቻ ከተዘጋ በኋላ ያለው ሐሙስ ነው። እዚሁ ቆመሽ አናግሬሻለሁ።"

እውነታቸውን ነው። ሐሙስ 21 ቀንም መጥቻለሁ። እዚያው ቆሜ አናግሬያቸዋለሁ። የመጣሁት ግን ማመልከቻዬ የት ደረሰ ብዬ ለመጠየቅ ነው። ቅጹ በዚያን ቀን እርስዎ ጽሕፈት ቤት ከገባ ሳምንት ሞልቶት ነበር። ባለሙያው ሁለት ሐሙሶች ተደባልቀውባቸዋል። ውሸታም ናቸው አልልም። ያስታወሱትን ነው የነገሩኝ። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። አንድ ጽሕፈት ቤት የራሱን ማኅተም ትቶ የአንድ ሰው ትዝታ ላይ ተመሥርቶ እንዴት ይወስናል?

ወደ ሳይኮሎጂ የጎተተኝ ደግሞ ይኸው የትዝታ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ሳለሁ አጠቃላይ ሳይኮሎጂ የጋራ ኮርስ ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ዝም ብላችሁ ስሙ አለንና ቃላት አነበበልን። አልጋ፣ ትራስ፣ ሌሊት፣ ሕልም፣ ድካም፣ ማዛጋት፣ ማንኮራፋት፣ ሌላም ሌላም። ጥቂት ቆይቶ ያስታወሳችሁትን ጻፉ አለ። ጻፍን። "እንቅልፍ የሚለውን ቃል የጻፈ እጁን ያውጣ" ሲል ከክፍሉ አብዛኛው እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። በድምፁ ሲናገረው ጆሮዬ ላይ ነበር። ብሎታል ብዬ እምል ነበር። መምህሩ ቃላቱን ያነበበበትን ወረቀት ይዞ በየወንበሩ ዞረ። "እንቅልፍ" የሚል ቃል የለበትም።

ይህን ነገር ጄምስ ዲዝ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳይቶታል። ሮዲገርና ማክደርሞት በ1995 ደግመው ሠርተው አጠናክረውታል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ መሳሳታችን አልነበረም። እርግጠኝነታችን ነው። የተሳሳተውም ትዝታ ከውስጥ ሲያዩት እንደ ትክክለኛው ሆኖ ነው የሚሰማው።

ያን ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የትዝታ ተመራማሪዎቹን የኤሊዛቤት ሎፍተስንና የጆን ፓልመርን የ1974 ጥናት ፈልጌ አነበብኩ። ለ150 ተማሪዎች የመኪና አደጋ ያለበት አጭር ፊልም ያሳያሉ። ለ50ዎቹ "መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?" ይላሉ። ለሌሎች 50ዎች "ተጋጭተው ሲደቃቀቁ" ብለው ይጠይቃሉ። ቀሪዎቹን ስለ ፍጥነት አይጠይቋቸውም። ከሳምንት በኋላ "የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?" ሲሏቸው፣ ለስለስ ያለውን ቃል ከሰሙት ውስጥ 7 ሰዎች አዎ አሉ። "ሲደቃቀቁ" የሚለውን ከሰሙት ግን 16። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። አንድ ቃል ብቻ ነው የተለወጠው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ጥፋታቸው ተፈርዶባቸው ኋላ በዲኤንኤ ምርመራ ነፃ የወጡ ሰዎች አሉ። የብዙዎቹ መዝገብ ሲገለጥ "እሱ ነው፣ አይቼዋለሁ" ያለ የተሳሳተ የዓይን ምስክር ተገኝቷል። ይህን ሳነብ የምፈልገውን ሥራ አወቅሁ። ድልድይ የሚሠሩ ጎበዝ ልጆች ክፍላችን ውስጥ ሞልተዋል። እኔ ሰው ያየውን እንዴት እንደሚያስታውስ ማጥናት እፈልጋለሁ።

ባለሙያው ግን ሌላም ነገር ተናግረውኛል፤ ሳልጽፈው አላልፍም። "ደግሞስ ሳይኮሎጂ ምን ያደርግልሻል? ሒሳብ ከብዶሽ ነው የሸሸሽው። ሰው የጀመረውን ይጨርሳል።" ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። ሁሉም ሰምቷል። ፊቴ ነደደ።

ሒሳብ አልከበደኝም። ካልኩለስ ሁለት ኤ ነኝ፤ ትራንስክሪፕቴ እናንተው ጋ ነው። ሳይኮሎጂም ከቁጥር መሸሸጊያ አይደለም። ጀርመናዊው ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 ላይፕዚግ ላይ የሳይኮሎጂ ቤተ ሙከራውን ካቋቋመ ጀምሮ ይህ ትምህርት በመለካት ነው የቆመው። ስታትስቲክስ አለ፣ ሪሰርች ሜተድ (የጥናት ዘዴ) አለ፣ የአእምሮና የነርቭ አሠራር አለ። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ሕመምተኛ እንደማላክምም አውቃለሁ። ገና ብዙ ዓመት መማር ይጠብቀኛል። ይህን ሁሉ አስቤበት ነው የፈረምኩት።

የጀመረውን ስለ መጨረስም አንድ ነገር ልበል። እውቁ የሳይኮሎጂ ሊቅ ካርል ሮጀርስ ዩኒቨርሲቲ የገባው ግብርና ሊማር ነው። ወደ ታሪክ ተዛወረ። ከዚያ የሥነ መለኮት ትምህርት ጀመረ፤ እሱንም ትቶ ወደ ሳይኮሎጂ ገባ። ሌላው የሳይኮሎጂ ሊቅ ስኪነር የመጀመሪያ ዲግሪው በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። ሁለቱም በሳይኮሎጂ ዶክትሬታቸውን የያዙት እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ራሴን ከእነሱ ጋር ማስተካከሌ አይደለም። ግን በመስኮት በኩል ሰው ፊት "ሸሽተሽ ነው" ያላቸው ቢኖር ኖሮስ? የ18 ዓመት ልጅ የመረጠውን መስክ በ20 ዓመቱ ቢቀይር ነውር የለበትም። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በ2017 ያወጣው አኃዝ፣ መስክ ከመረጡ ተማሪዎች ወደ 30 በመቶ የሚሆኑት በሦስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ እንደሚቀይሩ ያሳያል። የእኛ ዩኒቨርሲቲም ይህን አውቆ ነው የዝውውር ደንብ ያወጣው። ደንቡን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቀን የሚቆጠረው ማመልከቻው መዝገብ ቤት ከገባበት ዕለት ጀምሮ ነው። ባለሙያ ፋይሉን ከከፈተበት ዕለት ጀምሮ አይደለም።

አሁን ያለሁበትን ይወቁልኝ። ኢንጂነሪንግ የመልቀቂያ ፊርማውን ሲሰጠኝ ስሜን ከሴክሽን ዝርዝሩ አውጥቶታል። ሳይኮሎጂ ደግሞ ከእናንተ ደብዳቤ ካልመጣ አያስገባኝም። ሁለቱም ጋ የለሁም። መምህራኑ ፈቅደውልኝ የሳይኮሎጂ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ አንድ ሴሚስተር አለፈ። አቴንዳንስ ሲጠራ ስሜ የለም። የመጨረሻዋ ተማሪ ከተጠራች በኋላ መምህሯ ቀና ብላ ታየኛለች፤ እኔም እጄን አወጣለሁ። በዝርዝሩ ጫፍ ላይ በእርሳስ ትጽፈኛለች። ሚድ ፈተና ተፈትኜ ከ30 26 አግኝቻለሁ። ወረቀቱ አለኝ፤ ሲስተም ላይ ግን የሚገባበት ቦታ የለም።

የሚቀጥለው ሴሚስተር ሪሰርች ሜተድ ይሰጣል። ትምህርት ክፍሉ ይህን ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚከፍተው። እሱን ያልወሰደ ኤክስፐርመንታል ሳይኮሎጂ አይወስድም። ኤክስፐርመንታል ያልወሰደ የመመረቂያ ጥናቱን አይጀምርም። ሰኞ ካልተመዘገብኩ ሙሉ ዓመት ይሄዳል። እናንተ ጋ አንድ ፋይል ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሳምንት ቢተኛ ምንም አይመስልም። እኔ ጋ ሲደርስ ዓመት ይሆናል።

ብቻዬን ብሆን ምናልባት ዕድሌ ነው ብዬ እተወው ነበር። ግን መስኮቱ ላይ ስመላለስ ሌሎችን አግኝቻለሁ። አንዷ ከአካውንቲንግ ወደ ሳይኮሎጂ ያመለከተች ልጅ ናት። እንደ እኔው "ከቀኑ በኋላ ነው" ተብላለች። እሷ ግን ማኅተም የተመታበት ግልባጭ አልያዘችም። ማንም ያዢ አላላትም። ምን ይዛ ትከራከር? ተመልሳ አካውንቲንግ ገባች። ባለፈው ስንገናኝ የማስታወስ ችሎታን የሚመለከተውን መጽሐፌን ከእጄ ወስዳ ገለጥ ገለጥ አደረገችውና መለሰችልኝ። ምንም አላለችም።

ኃላፊ ሆይ፣ እንዲራሩልኝ አልጠየቅሁም። ልዩ አስተያየትም አልፈልግም። ገቢ መዝገቡ ይከፈት። ከመስኮት ቁጥር 2 ጀርባ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትልቁ ደብተር ነው። የ14ኛውን ቀን ገጽ ይግለጡ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ የእጅ ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፤ የእኔ ከታች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። እዚያ ከሌለሁ ተሳስቻለሁ ብዬ በዚሁ አደባባይ እጽፋለሁ። የእኔም ትዝታ ትዝታ ነው፤ ስለዚህም ነው መዝገቡ ይታይ የምለው። እዚያ ካለሁ ደግሞ ያን ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ሽረው በእርስዎ ፊርማ ሌላ ይጻፉልኝ። ለዚያች የአካውንቲንግ ልጅም መዝገቡ ይታይላት። መልሱን ለሁለታችንም በጽሑፍ ይስጡን።

ገቢ ቁጥሬ 0412 ነው። ምዝገባ ሰኞ ጠዋት ይጀመራል።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ