ከቲኬት ሌላ የሚከፈል ሒሳብ አለ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ የኩዌት ኮንትራቷን ይዛ ቡና ወደምሸጥበት ጣና ዳር መጣች። «እትዬ፣ አንቺ ስለምታውቂው እስቲ እዪልኝ» አለችኝ። ደመወዙን አየሁ። ሁለት ዓመት ይላል። የመመለሻ ቲኬቱ በአሠሪ ነው። ሥራው ሲያልቅ ስለሚከፈለው ሒሳብ ግን ማንም አልነገራትም። ለእኔም በጊዜዬ አልተነገረኝም።

ኩዌት አንድ ቤት አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ በወር 90 ዲናር። ትንሹ ልጃቸው በእኔ እጅ ነው ቆሞ የሄደው። በመጨረሻው ቀን ማዳም ሻንጣዬን ፈተሸች። ከዚያ ፓስፖርቴን፣ ቲኬቴንና የወር ደመወዜን ሰጠችኝ። በዓረብኛ የተጻፈ ወረቀት አምጥታ «ፈርሚ» አለችኝ፤ ፈረምኩ። አውሮፕላን ማረፊያ እስክደርስ እያመሰገንኳት ነበር። ቲኬት እንኳ የተከለከሉ ስንት እህቶችን አውቃለሁና።

ባሕር ዳር ከገባሁ በኋላ እዚያ የማውቃት ልጅ ደወለችልኝ። «ሒሳብሽን ተቀበልሽ?» አለችኝ። የምን ሒሳብ? ለካ ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ቁጥር 68 የሚባል የቤት ሠራተኞች ሕግ አለ። ኮንትራት ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይከፈላል ይላል። የእኔ 450 ዲናር ነበር። አምስት ወር ሙሉ የለፋሁበት ማለት ነው። አሠሪ ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርቷን እንዳይዝም ሕጉ ይከለክላል። የእኔ አምስቱንም ዓመት ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር።

ነገሩ በየአገሩ ይለያያል። ኳታር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ለዓመት ቢያንስ የሦስት ሳምንት ደመወዝ ነው። ሊባኖስ ግን የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ ከሥራ ሕጓ አውጥታለች። በ2020 እ.ኤ.አ. ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ የተጣሉትን እህቶቻችንን ሁላችንም አይተናል። እኔ እስከ ዛሬ ያ ምስል ከዓይኔ አልጠፋም።

የእኛም የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ቪዛውንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን አሠሪው ይሸፍን ይላል። ኮንትራቱ ከተጣሰ ላኪው ኤጀንሲም አብሮ ይጠየቃል። ስለዚህ ኤጀንሲዎች ልጅቷ ከመፈረሟ በፊት የመጨረሻ ሒሳቧን በቁጥር፣ በአማርኛ ይንገሯት። ሥልጠና ላይ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽንና ስለ ምድጃ ቀኑን ሙሉ ይነገራል። ለዚህ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይሰጠው። የማታነበውን ወረቀት እንዳትፈርምም አጥብቀው ይንገሯት። እኔን የጎዳኝ እሱ ነው።

ለጎረቤቴ ልጅ ደብተሯ ላይ «ቁጥር 68» ብዬ ጻፍኩላት። ሁለት ዓመት ስትጨርስ የሚደርሳትንም አብረን አሰላን። በማግሥቱ ኤጀንሲው ሄዳ ስትጠይቅ «እሱን እዚያ ስትደርሺ ትጠይቂያለሽ» አሏት። በረራዋ የፊታችን ሐሙስ ነው።

ከኩዌት ተመላሽ፣ ባሕር ዳር